ክብደትዎን ይጻፉልኝ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፌቨን
ናይሮቢ

ዘመንን በዘመን የሚተካ አምላክ እንኳን ለዚህ አደረሰሽ። ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ የሰው አገር ኑሮሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ይህችን «ደህና ነን» የምትል ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ለወግ ስጽፋት ኖሬ ትርጉሟ የገባኝ ዘንድሮ ነው። ብርቅዬ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች። «ወፍራለች ወይስ ከስታለች ብለህ ጠይቃት» ብላኛለች፤ ይኸው ጠይቄሻለሁ።

ኬሞው አለቀ። ነሐሴ 14 ቀን ስድስተኛውን ዙር ወሰድኩ። አንቺ የምታውቂውን ደግሜ ብጽፍ አትታዘቢኝ፤ ነገሩን በእጄ ጽፌ ላየው ፈልጌ ነው። አምና ኅዳር ላይ ዓይኔ ቢጫ ሲሆን ጎረቤቱ ሁሉ የወፍ በሽታ ነው ብሎ ቅጠል ሊያጠጣኝ ተነሳ። ሲመረመር ከቆሽቴ ራስ ላይ የበቀለ ዕጢ ሆኖ ተገኘ። ጥር ላይ አዲስ አበባ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሆዴን ከፍተው ዕጢውን ከነቆሽቴ ራስ ቆርጠው አወጡልኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አማርኛ ሳስተምር «ቆሽቴ አረረ» የሚለውን ፈሊጥ ለስንት ተማሪ ተርጉሜያለሁ፤ ቆሽት የት እንደሚገኝ ግን አላውቅም ነበር።

ጳጉሜን ላይ የተነሳሁትን ሲቲ ስካን ያየው ሐኪም «ንጹሕ ነው፤ ከእንግዲህ ክትትል ብቻ ነው» አለኝና ቀጣዩን በሽተኛ አስጠራ። እኔም ልጠይቅ ያሰብኩትን ሳልጠይቅ ወጣሁ። አንቺ በዚህ በሽታ ክፍል ስድስት ዓመት የሠራሽ ነርስ ነሽና አንቺን ልጠይቅ። ይህ ነገር ተመልሶ ይመጣል ወይ? እንዳይመለስ ምን ላድርግ? ከአሥር ሰው በስንቱ ላይ ይመለሳል? ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ሌላው፣ ከምግብ ጋር የምውጠው የመፍጫ ክኒን እዚህ የለም። አዲስ አበባም አንድ ሰሞን ተገኝቶ አንድ ሰሞን ይጠፋል። የሐኪሙን ማዘዣ ከዚህ ጋር አድርጌያለሁና ከተቻለሽ ላኪልኝ። ሹፌሩ ደግፌ ሙዝ ጭኖ ሞያሌ ሲሄድ ደብዳቤውን ለናይሮቢ አውቶቡስ ሰዎች ይሰጥልኛል። በስልክ ለምን አትነግረኝም እንዳትዪ። አባትሽ፣ የአጎቴ ልጅ ነፍሱን ይማረው፣ በዘጠኝ ዓመትሽ ከቢቸና አምጥቶ እኛ ዘንድ ካስቀመጠሽ ጊዜ ጀምሮ እኔና አንቺ ቁም ነገር የምንነጋገረው በወረቀት ነው።

አጎትሽ
ባዘዘው

*

ናይሮቢ
ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ ለጋሼ ባዘዘው

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናውን ያብዛልዎት፤ የጀመረውን ምሕረት ይፈጽምልዎት። እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ለእትዬ ብርቅዬ አልወፈርኩም፣ አልከሳሁምም ይበሉልኝ።

ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓቴ የነርሶች ክፍል ውስጥ ሁለቴ አነበብኩት። ኬሞው አለቀ የሚለው ላይ ስደርስ ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ነበረብኝ።

ሳትደብቂ ስላሉኝ ሳልደብቅ ልጻፍ። እንዳይመለስ አድርጎ የሚዘጋው መድኃኒት የለም። አለኝ የሚል ሰው ቢመጣ፣ ቄስም ይሁን ሐኪም ነኝ ባይ፣ አይስሙት። የመመለሱን ዕድል የሚቀንስ ነገር ግን አለ፤ ከዚያም ትልቁን ጨርሰውታል። ቀዶ ሕክምናውና ስድስቱ ዙር ኬሞ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ሦስተኛው ላይ ሰልችቶት ይተወዋል።

የቀረው ክትትሉ ነው። ለሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ ደምዎ ይታያል፣ ስካን ይነሳሉ። ምርመራው በሽታውን አያስቀረውም፤ ቢመጣ ግን ትንሽ ሳለ ይያዛል። ቀጣዩ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነውና ትኬቱን ከወዲሁ ይቁረጡ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ያጨሷት የነበረችው ሲጋራም እንደተተወች ትቅር፤ አረቄም እንዲሁ። ከቆሽትዎ ስለተቆረጠ ስኳር ሊመጣብዎት ይችላልና በየወሩ ይለኩ። የሺፈራውን ቅጠል እትዬ ብርቅዬ እንደ ጎመን ብትሠራልዎ መልካም ምግብ ነው፤ ነቀርሳ ይገድላል ብሎ ዱቄቱን በጭልፋ የሚያጠጣ ቢመጣ ግን እንቢ ይበሉ።

የመፍጫ ክኒኑ የሦስት ወር ከዚህ ጋር ተልኳል። ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ይዋጡት። እሱ ከሌለ የበሉት ምግብ ሳይፈጭ ያልፋል፤ ሰውነትዎም ይከሳል። ክሳት ደግሞ የበሽታው መመለስ ምልክት ስለሆነ ነገሩን ያምታታብናል። ስለዚህ በየሳምንቱ ይመዘኑና ክብደትዎን ይጻፉልኝ።

ከአሥር በስንቱ ላሉኝ፣ የአንዱ ሰው ዕጢ ከሌላው አይመሳሰልምና ቁጥር ለእርስዎ የሚነግርዎት ነገር የለም።

ልጅዎ
ፌቨን

*

አርባ ምንጭ
ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለፌቨን

ሰላምና ጤና ከአንቺ አይለይ። የላክሽው ዕቃ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን። የጫሞ ሐይቅ ዘንድሮም ወደ ላይ መጥቶ የአሳ አጥማጆቹን መንገድ ይዞታል። የብርቅዬ ወንድም ኤርጫፎ ጫኖ መንደር ያለው ሙዙ ጥሩ ይዞለት ደስ ብሎታል። ጾም ስለሆነ ቤታችን ጸጥ ብሏል።

መድኃኒቱን ለጊዜው አትላኪ፤ ገና አለኝ። ይልቅስ የማንበቢያ መነጽሬ ስለተሰበረ ሌላ ብትልኪልኝ። ቁጥሩ ሁለት ነጥብ አምስት ነው።

ቁጥር ለአንተ አይነግርህም ያልሽው ገብቶኛል። መምህር ነበርኩ፤ ተማሪ ጥያቄ ሲሸሽ አውቃለሁ።

አጎትሽ
ባዘዘው

*

ናይሮቢ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ባዘዘው

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረስዎ። ለእትዬ ብርቅዬም እንኳን አደረሰሽ ይበሉልኝ።

መነጽሩን አስቀድሜ ልኬያለሁ። ክኒኑንም ልኬያለሁ፤ አትላኪ ቢሉኝም። ቆጥሬ የሰጠሁዎት መድኃኒት ጥር ሳይጋመስ ያልቃል። «ገና አለኝ» ማለትዎ አልገባኝም። ክብደትዎን አልጻፉልኝም። የኅዳሩ ስካን ምን እንዳለም አልነገሩኝም። ስልክ ስደውል «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብለው ለእትዬ ብርቅዬ ይሰጧታል፤ እሷም አጠገብዎ ተቀምጣ ምን ልትለኝ ትችላለች?

ደግፌ ዕቃው ሞያሌ መድረሱን ሊነግረኝ ሲደውል ስለ እርስዎ ጠየቅኩት። ወሬ ሊቀይርብኝ ሞከረ። ስጨቀጭቀው «ባለፈው ሳምንት ሲቀላ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉኝ ማን እንደሆኑ አጣሁ። በድምፃቸው ነው የለየኋቸው» አለኝ።

ጋሼ፣ እባክዎ። ምን ያህል ኪሎ ነዎት? ስካኑን ተነስተዋል ወይስ አልተነሱም?

ፌቨን

*

ናይሮቢ
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ

አምስት ሳምንት ሆነ። መልስ ጠፋ። በዚህ ክፍል የማስታምማቸው ሰዎች ሁሉ የእርስዎን ፊት እየያዙብኝ ነው። ትናንት አንድ ሽማግሌ ሚዛን ላይ አቁሜ ቁጥሩን ሳይሆን ፊታቸውን እያየሁ ቆምኩ፤ ባልደረባዬ ናት ያነበበችልኝ።

የፈሩት ነገር እውነት ቢሆን እንኳ አብረን እንወቀው። ሁለት መስመር ይበቃኛል።

ፌቨን

*

አርባ ምንጭ
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፌቨን

እንኳን ለጾመ ሁዳዴ አደረሰሽ። የበደልኩሽ በደል አለና በእሱ ልጀምር።

ባለፈው እሑድ ኤርጫፎ ጫኖ ወስዶ በሙዝ ሚዛን መዘነኝ። አርባ ዘጠኝ ኪሎ ነኝ። መስከረም ላይ ስድሳ አንድ ነበርኩ። ኤርጫፎ ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ እሱ ራሱ ወጣበት። ሚዛኑ ደህና ነው።

የኅዳሩን ስካን አልተነሳሁም። ትኬት ቆርጬ ነበር። በዋዜማው ለብርቅዬ «ሐኪሙ ቀጠሮውን አራዘመው» አልኳት። ማንም አላራዘመውም። ያኔ መክሳት ጀምሬ ነበርና ያንን ፊልም ማየት ፈራሁ። ብርቅዬ ሁለቱን ልጆቻችንን ስታምጥ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

ስለ ክኒኑ ልንገርሽ። በፊት ከአዲስ አበባ የምገዛው እየተቆጠረ በብልቃጥ ነበር የሚሰጠኝ። አንቺ የላክሽው ከነማሸጊያው ስለመጣ፣ እንደ ልማዴ ውስጡ ያለውን ወረቀት አንድ ሳላስቀር አነበብኩ። ከምን እንደተሠራ የሚናገረው ቦታ ላይ የማላውቀው የእንግሊዝኛ ቃል አገኘሁና መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ከአሳማ ቆሽት ነው ይላል። ደግሜ አየሁት። ያው ነው።

በልጅነቴ ዲያቆን ነበርኩ። ይህን ነገር አውቄ በአፌ አስገብቼ አላውቅም፤ ሳላውቅ ግን ስውጠው ዓመት ሊሞላኝ ነበር። የነቢያት ጾም ሊገባ ሰሞን ነበር። ቢያንስ ለጾሙ ልተወው ብዬ አቆምኩ። ጾሙ ወጣ፤ እጄ ወደ ክኒኑ አልሄደም። ለአንቺ መጻፍ ያንቺን ድካም መናቅ መሰለኝ። ለብርቅዬ መንገር እሷን በእኔና በሃይማኖቷ መካከል ማቆም መሰለኝ። የበላሁት ሁሉ ዘይት እየመሰለ ሲወጣ፣ ሆዴ ሲነፋ፣ በሽታው መመለሱ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

የብርቅዬ ነገር ይገርማል። የየካቲት 12ቱን ደብዳቤሽን ያየሁ ዕለት ተደፍቼ አገኘችኝ። «ፌቨን ምን አለች?» አለችኝ። አነበብኩላት። «ሁለት መስመር ይበቃኛል» የሚለው ላይ ስደርስ ተቀበለችኝና፣ «ሁለት መስመር የማይጽፍ አስተማሪ ምን ዓይነት ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ነጠላዋን አደረገች። «ተነስ» አለችኝ። የንስሐ አባታችን ዘንድ ይዛኝ ሄደች።

አባ ወልደሥላሴ የታመመ እግራቸውን አልጋ ላይ ዘርግተው ሰሙኝ። መሳቃቸውም መቆጣታቸውም አልታወቀኝም።

«ክኒኑን ለምን አዘዙልህ?» አሉኝ።

«ምግብ እንዲፈጭልኝ።»

«ለጣዕሙ ነው የምትበላው? ለጥጋብ ነው?»

«አይደለም አባቴ።»

«እንግዲህ መድኃኒት ነው። ይህ ምግብ አይደለም፤ ለመዳን የሚወሰድ ነው። ሐኪም ያዘዘልህን ትተህ ብትሞትብኝ እኔ ምን ብዬ ልፍታህ? ራሱን በረሃብ ገደለ ልበል?» ከዚያ በዓይናቸው ወደ ብርቅዬ አመለከቱኝ። «ለእሷ ቀጠሮው ተራዘመ ብለህ ዋሽተሃታል?»

«አዎ አባቴ።»

«ቀኖናው ለዚያ ነው» አሉና አርባ ስግደት ሰጡኝ። በዚህ አቅምህ ሃያውን ትሰግዳለህ፣ ሃያውን ስትወፍር ትከፍላለህ አሉኝ።

ያን ዕለት እራት ላይ ክኒኑን ዋጥኩ። ብርቅዬ አፌን አስከፍታ አየች። ስካኑ ለመጋቢት 24 ተይዟል፤ አብራኝ ትሄዳለች። ስለ ውጤቱ ምንም አላውቅም። ክሳቱ የክኒኑ ነው ብዬ ራሴን ማባበል አልፈልግም፤ የሌላውም ሊሆን ይችላል። ጸልይልኝ።

ስላስጨነቅኩሽ ይቅር በይኝ።

አጎትሽ
ባዘዘው

*

ናይሮቢ
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ባዘዘው

እግዚአብሔር ያጽናዎ። ይህ ከቀጠሮው በፊት እንዲደርስዎ የአውቶቡሱን ሹፌር ለምኜ፣ ለደግፌም ደውዬለታለሁ።

አውቅ ነበር። ክኒኑ ከምን እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ እዚህ ለሙስሊም በሽተኞቼ ሁልጊዜ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። አብዛኞቹ ከሃይማኖት አባቶቻቸው ጋር ተማክረው ይወስዱታል። ለእርስዎ ግን አልነገርኩም። እምቢ ይላሉ ብዬ ሰጋሁ። ባይነገራቸው ይሻላል ብዬ ለእርስዎ ወሰንኩልዎት። ፊደል ላስቆጠረ ሰው ይህ ንቀት ነው። ነግሬዎት ቢሆን ኖሮ አባ ወልደሥላሴን ጥቅምት ላይ ይጠይቁ ነበር፤ ይህ ሁሉ ወር አይባክንም ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ የሚገባኝ እኔ ነኝ።

አንድ ሌላም ደብቄያለሁ። ከአሥር በስንቱ ይመለሳል ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ይመለሳል፤ አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው። ኬሞውን የጨረሱት ካልጨረሱት ይሻላሉ። በደህና የኖሩ ሰዎችም አሉ፤ አንዷ ከተቆረጠላት ሰባተኛ ዓመቷ ነው፤ በየጊዜው ለምርመራ ስትመጣ ማንጎ ይዛልን ትመጣለች። እርስዎ የየትኛው ወገን እንደሆኑ አላውቅም። ማወቅ ስላቃተኝ ነው ቁጥሩን የሸሸሁት።

ከእንግዲህ አልደብቅዎትም፤ እርስዎም አይደብቁኝ። ፊልሙ ምንም ቢል መጋቢት 24 ስልኬን በእጄ ይዤ እውላለሁ።

ልጅዎ
ፌቨን

*

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፌቨን

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ።

ውጤቱን የሰማን ዕለት በስልክ «የለም» ብቻ ነበር ያልኩሽ። ከዚያ የስልኬ ሒሳብ አለቀ። ስለዚህ በወጉ ልጻፍልሽ።

ደብዳቤሽ በሄድንበት ዋዜማ ደረሰኝ። በሶዶ በኩል ስንጓዝ አውቶቡሱ ውስጥ ለብርቅዬ አነበብኩላት። ቁጥሩ ላይ ስደርስ ላነበው ወይስ ልለፈው ብዬ አመነታሁ፤ ደግሜ ልዋሻት ስላልፈለግኩ አነበብኩት። ጥቂት አሰበችና፣ «አንተ ስታስተምር ከክፍሉ ግማሹ ይወድቅ አልነበር?» አለችኝ። ነበር አልኳት። «የቀሩት ግን አልፈዋል» አለችና ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ።

አንቺ የደበቅሽው ከፍቅር ነው፤ እኔም የደበቅሁት እንዲሁ። ሁለታችንም ተምረንበታልና ይቅር እግዜር ተባብለናል በይ። በዚህ ላይ ከእንግዲህ አንጻጻፍ።

ስካኑን ጠዋት ተነሳሁ። ደሜንም ቀዱ። ውጤቱ በማግስቱ ከሰዓት ነው ተባልን። እንቅልፍ አልወሰደኝም ማለት ይጠበቅብኛል፤ እውነቱን ልንገርሽና እንደ ድንጋይ ነው የተኛሁት። ፍርሃቱን አምስት ወር ስሸከመው ደክሞኝ ነበር መሰለኝ።

ሐኪሙ ያው ሆዴን የከፈተው ሰው ነው። ፊልሙን መብራቱ ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው። ብርቅዬ የእኔን እጅ ሳይሆን የወንበሩን ጠርዝ ይዛለች። ከዚያ ዞሮ፣ «አቶ ባዘዘው፣ ከተቆረጠው ቦታ ላይ ምንም የበቀለ ነገር የለም። ጉበትዎም ንጹሕ ነው። የደምዎ ምልክትም ዝቅ እንዳለ ነው» አለኝ።

ብርቅዬ ቀደመችኝ። «ተመልሶ አልመጣም ማለት ነው?»

«አልመጣም እናቴ።»

«ታዲያ ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያለቀው?»

ሐኪሙ ወደ እኔ አየ። ነገርኩት። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ መዝገበ ቃላቱ፣ ስለ ጾሙ፣ ሁሉንም። መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን አሸ። «አባቴ፣ ይህን እኔ ነበርኩ አስቀድሜ ልነግርዎት የሚገባኝ» አለኝ። «የከሱት የበሉት ስላልተፈጨ ነው። ክኒኑን ይቀጥሉ። በሐምሌ እንገናኛለን። ያኔ ንጹሕ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልዎትም፤ ዛሬ ግን ንጹሕ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ እንደወጣን ብርቅዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በሽታው ከተገኘ ጀምሮ አንድ ቀን ፊቴ አላለቀሰችም ነበር፤ የልብሷን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አንዲት የማናውቃት ሴት ክፉ ዜና የሰማን መስሏት መጥታ እግዚአብሔር ያጽናችሁ አለችን። ብርቅዬ ቀና ብላ «ደህና ነው ብለውን ነው እኮ» ስትላት ሴትዮዋም አብራት አለቀሰች። የእሷ ልጅ ውስጥ ነበር። ውጤቱ እስኪመጣ አብረናት ተቀመጥን። የእሱም ደህና ሆነ። ስሟን እንኳ ሳንጠይቅ ተለያየን።

አሁን ሃምሳ አራት ኪሎ ነኝ። ለፋሲካ ሁለት ክኒን ውጬ ዶሮውን በላሁ፤ ሆዴም አላጉረመረመም። ስኳሬን ተለክቻለሁ፣ ደህና ነው። አባ ወልደሥላሴ የቀሩትን ሃያ ስግደቶች አልረሱም። የማንበቢያ መነጽሩ ጥሩ ነው። ክኒኑን ከሰኔ በፊት ብትልኪልኝ ይበቃኛል፤ በመቁጠሩ ካንቺ ጋር አልከራከርም። ኋላ ደውለሽ ለሐምሌው ቀጠሮ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ ስላልሽው፣ ብርቅዬ ክፍልሽን ካሁኑ እያስለሰነች ነው።

ከሆስፒታሉ የወጣን ዕለት ወደ ማደሪያችን ስንሄድ ብርቅዬ አንድ ልብስ ቤት ደጃፍ ላይ አቆመችኝ። ጥቁር ሱሪ አስወርዳ ወገቤ ላይ ለካችብኝ። ሻጩ ወጣት ነው፤ አየኝና አዘነልኝ። «እናት፣ ይሄ ለአባባ በጣም ይሰፋቸዋል። ሁለት ቁጥር ዝቅ ያለ ላምጣላችሁ?» አላት።

«አታምጣ» አለችው ብርቅዬ። «ይሞላዋል። ጠቅልለው።»

አጎትሽ
ባዘዘው